የፈቃድ ውሳኔ ወደ ዜጎች ቦርዶች ይመለስ፦ ለቨርጂኒያ ጠቅላላ ምክር ቤት አባላት ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ የቨርጂኒያ ጠቅላላ ምክር ቤት ሴናተሮችና ዴሊጌቶች

ግልባጭ፦ ለገዥው ጽሕፈት ቤት፣ ለአየር ብክለት ቁጥጥር ቦርድና ለውሃ ቁጥጥር ቦርድ አባላት

ጉዳዩ፦ በ2022 ከዜጎች ቦርዶች ስለተነሣው የፈቃድ ሥልጣን

የተከበራችሁ የምክር ቤት አባላት፣

ከጁላይ 1 ቀን 2022 ጀምሮ የአየር ብክለት ቁጥጥር ቦርድም ሆነ የውሃ ቁጥጥር ቦርድ ፈቃድ መስጠትም መከልከልም አይችሉም። ደንብ ያወጣሉ፣ ሐሳብ ይሰጣሉ፤ ፈቃዱን የሚፈርመው ግን የአካባቢ ጥራት መምሪያው ነው። ይህ የሆነው ምክር ቤታችሁ በዚያው ዓመት ባጸደቀው ሕግ ነው። ይህን ደብዳቤ የጻፍነው በአሌክሳንድሪያ፣ በአርሊንግተን፣ በፌርፋክስ፣ በላውደንና በፕሪንስ ዊልያም የምንኖር አማርኛ ተናጋሪዎች ነን። ከመካከላችን የጭስ ልቀት የሚያሰሉ መሐንዲሶች፣ የናፍጣ ሞተር መካኒኮች፣ የመተንፈሻ አካል ሕክምና ባለሙያዎችና የተከራይ ማኅበራት ተጠሪዎች አሉ። ቅሬታችንን በዝርዝር አስቀምጠን፣ መጨረሻ ላይ ጥያቄያችንን እናቀርባለን። የጠቀስናቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩን ለማያውቀው አንባቢ በአጭሩ እንግለጽ። የውሃ ቁጥጥር ቦርድ የተቋቋመው በ1946፣ የአየር ብክለት ቁጥጥር ቦርድ ደግሞ በ1966 ነው። መምሪያው የመጣው ከእነርሱ በኋላ፣ በ1993 ነው። እያንዳንዱ ቦርድ ሰባት አባላት አሉት፤ ገዥው ይሾማቸዋል፣ ምክር ቤታችሁ ያጸድቃቸዋል። አሠራሩም እንዲህ ነበር፦ የመምሪያው ባለሙያዎች ማመልከቻውን ይመረምራሉ፣ ልቀቱን ያሰላሉ፣ ረቂቅ ፈቃድ ያዘጋጃሉ። ሕዝብ ያልተከራከረበት ፈቃድ እዚያው መምሪያው ውስጥ ያልቃል። ክርክር የተነሣበት ግን ወደ ቦርዱ ይቀርባል። አባላቱ ነዋሪውንም ኩባንያውንም ባለሙያውንም በአንድ አዳራሽ ሰምተው፣ ሰው እያየ ድምፅ ይሰጣሉ። ማን እንደደገፈና ማን እንደተቃወመ በስም ይመዘገባል። እኛ ይመለስልን የምንለው ይኸው በስም የሚመዘገበው ድምፅ ነው።

የመጀመሪያው ቅሬታችን ሥልጣኑ የተነሣበት ምክንያትና ጊዜ ነው። ዲሴምበር 3 ቀን 2021 የአየር ቦርዱ በፒትሲልቬንያ ካውንቲ፣ በቻተም አቅራቢያ ሊሠራ ለታሰበው ላምበርት ለተባለ የጋዝ መግፊያ ጣቢያ ፈቃድ ከለከለ። ድምፁ ስድስት ለአንድ ነበር። በዚያ ሠፈር ቀድሞውኑ ሁለት የጋዝ መግፊያ ጣቢያዎች ነበሩ፤ ይህ ሦስተኛ መሆኑ ነው። ቦርዱ ሥልጣኑን ከየትም አላመጣውም። የክልሉ ሕግ ቦርዱ አራት ነገሮችን እንዲመዝን ያዘዋል፦ በሰው ጤናና ንብረት ላይ የሚደርሰውን ጉዳት፣ ሥራው የሚሰጠውን ማኅበራዊና ኢኮኖሚያዊ ጥቅም፣ ሥራው ለአካባቢው ተስማሚ መሆን አለመሆኑን፣ ልቀቱንም በቴክኒክና በወጪ በኩል መቀነስ ይቻል እንደሆነ። ቦርዱ ሦስተኛውን ነጥብ ከቁም ነገር ቆጠረው። በሰባት ወር ውስጥ የመወሰን ሥልጣኑ ተነሣ።

ለዚያ ሕግ የቀረበው መከራከሪያ ቦርዶቹ ልማት ይከለክላሉ የሚል ነበር። መዝገቡ ይህን አያሳይም። ከላምበርት ውሳኔ በኋላ በ11ኛው ቀን፣ ዲሴምበር 14 ቀን 2021፣ የውሃ ቦርዱ ለማውንቴን ቫሊ የጋዝ ቧንቧ የውሃ ፈቃድ ሦስት ለሁለት ሰጥቷል። በ2019ም የአየር ቦርዱ በባኪንግሃም ካውንቲ ለታሰበው የጋዝ መግፊያ ጣቢያ አራት ለዜሮ ፈቅዷል። በጁን 2023 የአየር ቦርዱ ከክልሎች የካርቦን ገበያ ስምምነት ለመውጣት አራት ለሦስት ወስኗል፤ ከእኛ ብዙዎቻችን ይህን ውሳኔ ተቃውመናል፣ ፍርድ ቤትም በኖቬምበር 2024 ሕገ ወጥ ብሎታል። ስለዚህ ቦርዱ ሁልጊዜ እኛ የምንፈልገውን ይወስናል ብለን አይደለም የምንጠይቀው። ሲፈርድልንም ሲፈርድብንም ማን በምን ምክንያት እንደፈረደ ስለምናውቅ ነው። አራት ለሦስት የሆነ ድምፅ ሦስት ሰዎች ያልተስማሙበት ምክንያት እንዳለ ለፍርድ ቤትም፣ ለእናንተም፣ ለሕዝብም ይናገራል። ከአንድ ጽሕፈት ቤት የሚወጣ ፊርማ ይህን አይናገርም።

ለአሌክሳንድሪያ ነዋሪዎች ይህ ነገር አዲስ አይደለም። በፖቶማክ ዳር የነበረው በድንጋይ ከሰል የሚሠራ የኤሌክትሪክ ጣቢያ በ1949 የተከፈተ ነበር። አውሮፕላን ማረፊያው ቅርብ ስለሆነ ጭስ ማውጫዎቹ አጫጭር ናቸው፤ ነፋስ ሲነሣ ጭሱ ወደ ላይ ከመበተን ይልቅ ወደ ታች ተደፍቶ አጠገቡ ባለው ፎቅ ላይ ያርፍ ነበር። ነዋሪዎች የወተወቱበት ይህ ጉዳይ በ2005 በተሠራ የአየር ስሌት ተረጋገጠና ጣቢያው በዚያው ኦገስት ለጊዜው ቆመ። በዲሴምበር የፌዴራሉ ኢነርጂ መሥሪያ ቤት በከፊል እንዲሠራ አዘዘው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት የልቀቱ ገደብ ስንት ይሁን የሚለው ክርክር በአየር ቦርዱ ፊት በይፋ ተካሄደ። በዚያው ጊዜ የቦርዶቹን ሥልጣን ለመንሣት በምክር ቤት ሙከራ ተደርጎ ነበር፤ በ2008 በስምምነት የአየር ቦርዱ ከአምስት አባላት ወደ ሰባት ከፍ ብሎ ሥልጣኑ በእጁ ቀረ። ጣቢያው ኦክቶበር 1 ቀን 2012 ተዘጋ። ዛሬ በዚያች ከተማ የሚያድጉ የሐበሻ ልጆች የዚያን ክርክር ፍሬ ይተነፍሳሉ።

ሁለተኛው ቅሬታችን የቦርድ አባላት የሥራ ዋስትና ነው፤ ይህንም ደብቀን አናልፍም፣ ምክንያቱም የድሮውም አሠራር እንከን ነበረበት። ባኪንግሃም ውስጥ ዩኒየን ሂል የሚባል፣ ከባርነት ነፃ የወጡ ሰዎች የመሠረቱት የጥቁሮች ሠፈር አለ። የጋዝ መግፊያ ጣቢያው እዚያ ሊሠራ ነበር። በኖቬምበር 2018 ቦርዱ ውሳኔውን ወደ ሌላ ቀን ባሸጋገረበት ወቅት፣ ገዥው የሥራ ዘመናቸው አብቅቶ ሳለ እያገለገሉ የነበሩ ሁለት አባላትን በሌሎች ተካ። ጃንዋሪ 8 ቀን 2019 ፈቃዱ ጸደቀ። አንድ ዓመት ሊሞላው አንድ ቀን ሲቀረው፣ ጃንዋሪ 7 ቀን 2020፣ የፌዴራሉ አራተኛ የይግባኝ ፍርድ ቤት ፈቃዱን ሻረው። ምክንያቱ ሁለት ነበር፦ በጋዝ ተርባይን ፈንታ በኤሌክትሪክ ሞተር መጠቀም ይቻል እንደሆነ በቅጡ አልተመዘነም፤ በዩኒየን ሂል ነዋሪዎች ላይ ተለይቶ የሚደርሰው የጤና ጉዳትም አልተመረመረም። ቤት ለቤት በተደረገ ቆጠራ ከነዋሪዎቹ ከ80 በመቶ በላይ ነጭ ያልሆኑ ናቸው ተብሎ ሲቀርብ፣ ከሰፊ ካርታ ላይ የተወሰደው ቁጥር ግን ይህን አያሳይም ነበር። ሁለቱ ቁጥሮች ሳይታረቁ ነው ፈቃዱ የተሰጠው። ፍርድ ቤቱ የአካባቢ ፍትሕ ምልክት ተደርጎበት የሚታለፍ ሳጥን አይደለም ብሏል። በዚያው ዓመት በጁላይ የባኪንግሃሙ ጣቢያ ሊያገለግለው የታሰበው የጋዝ ቧንቧ ዕቅድ ራሱ ተሰረዘ።

ከዚህ የምንማረው ቦርዱ ይጥፋ የሚል አይደለም። ጉዳይ ይዞ በመስማት ላይ ያለ አባል አይነካ የሚል ነው።

ሦስተኛው ነጥብ የጥቅም ግጭት ነው። ብዙ ሰው አያየውም እንጂ እኛ ትልቁ ቀዳዳ ይህ ይመስለናል። የፌዴራሉ የንጹሕ አየር ሕግ ክፍል 128 እንደሚለው ፈቃድ የሚያጸድቅ ቦርድ ካለ አብዛኞቹ አባላቱ የሕዝብን ጥቅም የሚወክሉና ጉልህ ገቢያቸውን ፈቃድ ከሚጠይቁት የማያገኙ መሆን አለባቸው። ይኸው ሥልጣን በአንድ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ እጅ ሲሆን ግን ያው ክፍል የሚጠይቀው የጥቅም ግጭት ካለ እንዲገለጽ ብቻ ነው። እርግጥ የክልሉ የራሱ የመንግሥት ሠራተኞች የጥቅም ግጭት ሕግ አለ። ቢሆንም ፈቃዱ ከቦርድ ወደ ኃላፊ ሲዛወር በፌዴራሉ የአየር ሕግ በኩል «አይቻልም» የነበረው «ይገለጽ» ሆኗል። በ2022 ክርክር ላይ ይህ በሚገባው መጠን አልተነሣም።

አራተኛው፣ በቦርዱ ድምፅ ፈንታ የተሰጠን ሥርዓት ነው። አሁን ባለው ሕግ ክርክር በተነሣበት ፈቃድ ላይ ሂደቱ የሚከተለው ነው። ረቂቁ ይወጣል፣ የሕዝብ አስተያየት ይሰበሰባል። የሕዝብ መስሚያ ስብሰባ እንዲደረግ ቢያንስ 25 ሰዎች በየግላቸው መጠየቅ አለባቸው፤ የሚያነሡትም ጉዳይ ከፈቃዱ ጋር የተያያዘና በእርግጥ የሚያከራክር መሆን አለበት። ከዚያ መምሪያው የአስተያየቱን ጭምቅ ሐሳብ ያወጣል፣ መልሱንም ያትማል፣ ሁለተኛ ስብሰባ ይጠራል። በዚህ ሁለተኛ ስብሰባ መናገር የሚችለው ቀድሞ አስተያየት የሰጠ ሰው ብቻ ነው፤ አዲስ መረጃም አይቀበሉም። ቦርዱ በመደበኛ ስብሰባው ስለ ጉዳዩ ገለጻ ይሰማል፣ ሐሳቡንም ይናገራል። ኃላፊው ያንን ሐሳብ «ከግምት ያስገባል»። እንዴት እንዳስገባው በጽሑፍ እንዲያስረዳ ግን ግልጽ ግዴታ አላየንም።

ይህ ሥርዓት በወረቀት ላይ ሁለት ስብሰባ ስላለው ከድሮው የበለጠ ይመስላል። በተግባር ግን ሁለተኛው ስብሰባ መልሱ ከተጻፈ በኋላ የሚደረግ ነው። አንድ ነዋሪ የመምሪያውን መልስ አንብቦ «ይህ የነፋስ መረጃ የተወሰደው ከሩቅ ጣቢያ ነው፣ ቅርብ ያለው እንዲህ ያሳያል» ቢል፣ አዲስ መረጃ ነው ተብሎ ይመለሳል። በድሮው አሠራር ከሰባቱ አንዱ አባል እዚያው ስብሰባ ላይ ባለሙያውን «ለምን ያንን ጣቢያ መረጣችሁ?» ብሎ መጠየቅ፣ መልሱ ካላረካውም ድምፁን መንፈግ ይችል ነበር። አሁን መጠየቅ ይችላል፤ የሚነፍገው ድምፅ ግን የለውም።

አምስተኛው ቅሬታችን ቋንቋ ነው። ይህ የትርጉም አገልግሎት ጥያቄ ብቻ ተደርጎ እንዳይወሰድብን እንለምናለን፤ የፍርድ ቤት በር ጥያቄ ነው። በቨርጂኒያ የአየር ሕግ መሠረት በፈቃድ ውሳኔ ላይ ክስ ማቅረብ የሚችለው በሕዝብ አስተያየት ጊዜ በአካል ወይም በጽሑፍ የተሳተፈ ሰው ነው። የይግባኝ ማስታወቂያውም ከውሳኔው በኋላ በ30 ቀን ውስጥ መግባት አለበት። የፈቃዱ ማስታወቂያ ግን በእንግሊዝኛ ጋዜጣ የሕግ ማስታወቂያ ዓምድ ላይ፣ በጥቃቅን ፊደል፣ «የኖን ሜጀር ምንጭ ማሻሻያ» ተብሎ ይወጣል። እንግሊዝኛ አቀላጥፈው የሚናገሩ ልጆቻችን እንኳ ይህ ማለት ከአፓርታማቸው ጀርባ ያሉት ጀነሬተሮች ሊጨመሩ ነው ማለት እንደሆነ አያውቁም። የ30 ቀኑ የአስተያየት ጊዜ ሲያልፍ የመናገር ዕድሉ ብቻ ሳይሆን የመክሰስ መብቱም አብሮ ያልፋል።

አማርኛ በአሌክሳንድሪያ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ከእንግሊዝኛ ቀጥሎ በብዛት ከሚነገሩት ቋንቋዎች አንዱ ነው። ወንዙን ተሻግሮ ዋሽንግተን ዲሲ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች በአማርኛም ያስተናግዳሉ። እዚህ ግን ለልጆች ምሳ ፎርም በአማርኛ የሚላክላት እናት፣ ልጇ ስለሚተነፍሰው አየር የሚላክላት ነገር የለም። የቨርጂኒያ የአካባቢ ፍትሕ ሕግ፣ እናንተው በ2020 ያወጣችሁት፣ የተጎዱ ነዋሪዎች ከውሳኔው መጀመሪያ እስከ መጨረሻ የመሳተፍ ዕድል እንዲኖራቸውና ሐሳባቸው ውሳኔውን እንዲቀርጽ ይላል። በፌዴራል በኩል ከ2000 ጀምሮ የነበረው እንግሊዝኛ ለማይበረቱ ሰዎች አገልግሎት እንዲሰጥ የሚያዘው ትእዛዝ በማርች 2025 ተሽሯል። በትውልድ አገር ምክንያት ማዳላትን የሚከለክለው የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ አልተሻረም፤ ነገር ግን ክልሉ በራሱ ሕግ ካላሰረው በስተቀር በተግባር የሚገፋው ሰው የለም።

ስብሰባው ራሱም ችግር አለበት። የቦርድ ስብሰባ በአብዛኛው በሥራ ቀን ነው። ሪችመንድ ከአሌክሳንድሪያ 100 ማይል ያህል ትርቃለች። የሌሊት ፈረቃ ጨርሶ የወጣ የሆስፒታል ሠራተኛ ወይም ቀኑን በኡበር የሚያሳልፍ አባወራ፣ ለሦስት ደቂቃ ንግግር የአንድ ቀን ገቢውን ይከፍላል።

አሁን ወደ ዋናው ወደሚያሳስበን ጉዳይ እንምጣ፤ የዳታ ሴንተር (የኢንተርኔት መረጃ የሚከማችባቸው ትላልቅ የኮምፒውተር ግቢዎች) ጀነሬተሮች። ሰሜን ቨርጂኒያ በዓለም ላይ ትልቁ የዳታ ሴንተር ክምችት ያለበት ቦታ ነው። እያንዳንዱ ግቢ መብራት ሲጠፋ የሚነሡ በርካታ የናፍጣ ጀነሬተሮች አሉት፤ አንዱ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ሜጋዋት ነው።

ስሌቱን እንሥራው። ለድንገተኛ ጊዜ ተብሎ የሚገጠም ትልቅ ሞተር «ቲየር 2» የሚባለውን የፌዴራል የልቀት ደረጃ ቢያሟላ ይፈቀድለታል። ይህ ደረጃ ናይትሮጅን ኦክሳይድ የተባለውን ሳንባ የሚጎዳ ጋዝና ያልተቃጠለ ነዳጅን አንድ ላይ በኪሎዋት ሰዓት እስከ 6.4 ግራም ይፈቅዳል። የ2,500 ኪሎዋት ሞተር በሙሉ ጭነት አንድ ሰዓት ሲሠራ 16 ኪሎግራም ድረስ ያወጣል ማለት ነው። ሃምሳ ሞተር ያለው ግቢ በአንድ ሰዓት 800 ኪሎግራም። ለትላልቅ ጀነሬተሮች የወጣው «ቲየር 4» ግን ናይትሮጅን ኦክሳይድን በኪሎዋት ሰዓት 0.67 ግራም ላይ ያቆመዋል፤ ያው ሞተር በሰዓት ከ2 ኪሎግራም በታች። ልዩነቱ ወደ አሥር እጥፍ ይጠጋል።

ፈቃዱ የሚሠራው በዓመት ድምር ነው። በሰሜን ቨርጂኒያ ናይትሮጅን ኦክሳይድ በዓመት 100 ቶን ከደረሰ ምንጩ «ትልቅ» ይባልና ጠንካራው ምርመራ ይከተለዋል። ስለዚህ ኩባንያው የነዳጅ ወይም የሰዓት ገደብ በፈቃዱ ላይ ያስገባና ከ100 በታች ይሆናል። ከላይ ባሰላነው የቲየር 2 ሞተር 100 ቶን (አንድ የአሜሪካ ቶን 907 ኪሎግራም ያህል ነው) ማለት 5,670 የሞተር ሰዓት ያህል ነው፤ ለሃምሳ ሞተሮች ሲካፈል እያንዳንዱ በዓመት 113 ሰዓት። አጥሩን ተሻግሮ ያለው ግቢ የሌላ ባለቤት ከሆነ ለብቻው ይቆጠራል፤ እርሱም የራሱን 100 ቶን ጣሪያ ያገኛል። ሦስት ግቢ ጎን ለጎን ቢቆሙ በወረቀት ሦስት «ትናንሽ» ምንጮች ናቸው፤ ከአጥሩ ማዶ ለሚተነፍሰው ሕፃን ግን አንድ አየር ነው። ትናንሽ የሚባሉት ፈቃዶች ደግሞ ብዙውን ጊዜ ያለ ሕዝብ ስብሰባ ያልፋሉ።

የዓመት ድምር ሌላም ነገር ይሸፍናል። ከ2010 ጀምሮ ያለው የፌዴራል የናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ (ከናይትሮጅን ኦክሳይዶች አንዱ) መለኪያ የአንድ ሰዓት ነው፤ 100 ክፍል በቢሊዮን። አስም ያለበትን ልጅ የሚያስቸግረው የዓመት አማካይ ሳይሆን ያ አንድ ሰዓት ነው። ማጣሪያ በተገጠመላቸው ሞተሮችም ላይ አንድ ችግር አለ፤ መካኒኮቻችን በደንብ የሚያውቁት። ጭሱን በዩሪያ ፈሳሽ የሚያጸዳው ማጣሪያ ካታሊስቱ (ጭሱን የሚለውጠው የማጣሪያው ውስጣዊ ክፍል) ካልሞቀ አይሠራም፤ የጭሱ ሙቀት ከ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ መድረስ አለበት። በየወሩ ሞተሩ ይነሣል፣ ያለ ጭነት ወይም በትንሽ ጭነት ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ይሮጣል፣ ይጠፋል። ካታሊስቱ ሳይሞቅ ፍተሻው አለቀ። በትንሽ ጭነት የሚሠራ ናፍጣ ሞተር በደንብ ስለማያቃጥል ያልተቃጠለ ነዳጅ በጭስ ማውጫው ውስጥ ይጠራቀማል፤ በኋላ ጭነት ሲበዛ እንደ ጥቁር ጭስ ይወጣል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ፍተሻው በጭነት መሞከሪያ ተደግፎ ይደረግ፤ ሞተሮቹ በተራ እንጂ ባንዴ አይነሡ፤ ኦዞን ከፍ ይላል በተባለበት ቀን ፍተሻ አይደረግ። እነዚህ ሦስት መስመሮች ናቸው። በፈቃዱ ላይ እንዲጻፉ የሚያስገድድ፣ ድምፅ ያለው ሰው ግን ያስፈልጋል።

በዲሴምበር 2024 የምክር ቤታችሁ የራሱ የኦዲትና ግምገማ ኮሚሽን ስለ ዳታ ሴንተሮች ባወጣው ጥናት የጀነሬተሮቹ ትክክለኛ ልቀት ፈቃዳቸው ከሚለው በጣም ያነሰ መሆኑን ጽፏል። ይህን እንቀበላለን። ታዲያ የማይጠቀሙበት ከሆነ ጣሪያው ለምን ያን ያህል ከፍ አለ? የኤሌክትሪክ መስመሩ ሲጨናነቅ ያ ያልተነካ ጣሪያ ነው የሚነካው። ይህ ግምት አይደለም፤ በጃንዋሪ 2023 መምሪያው የኤሌክትሪክ እጥረት ሊኖር ይችላል ብሎ በላውደን፣ በፕሪንስ ዊልያምና በፌርፋክስ ያሉ ዳታ ሴንተሮች ከማርች 14 እስከ ጁላይ 31 ጀነሬተሮቻቸውን ከፈቃዳቸው ውጪ እንዲያስነሡ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ሐሳቡ ኋላ ላይ ወደ ላውደን ብቻ ተጠበበ፣ የሕዝብ ተቃውሞ ከተሰማ በኋላም በኤፕሪል ቀረ። ሕዝቡ በጊዜ ስለሰማ ነው የቀረው። በአማርኛ የሰማ ግን አልነበረም።

ከዚህ በተቃራኒ የሚነገረውን እናውቃለን። የቦርድ አባላት የትርፍ ሰዓት ሠራተኞች ናቸው፣ ሁሉም መሐንዲስ አይደሉም፣ ባለሀብት እርግጠኛ የሆነ ጊዜ ይፈልጋል፤ የደረቅ ቆሻሻ ፈቃድም ከ2022 በፊት ጀምሮ በኃላፊው ነበር የሚሰጠው። የጊዜው ነገር ትክክለኛ ቅሬታ ነው፤ በቀን ገደብ ይፈታል። የሙያው ነገር ግን ስሌቱን የሚሠራው ያው ባለሙያ ስለሆነ አያሳምነንም። ቦርዱ የሚመዝነው «ይህ ሥራ ለዚህ ቦታ ይስማማል ወይ?» የሚለውን ነው፤ ለዚህ ደግሞ የሚበቃ የአየር ስሌት ሶፍትዌር የለም። ሚኔሶታም ከ1967 ጀምሮ የነበረውን የብክለት ቁጥጥር የዜጎች ቦርድ በ2015 አፍርሳለች፤ ያፈረሰችው ቦርዱ ከዓመት በፊት ወደ 9,000 ላሞች ሊይዝ ለታሰበ የወተት እርባታ ሙሉ የአካባቢ ጥናት እንዲደረግ ካዘዘ በኋላ ነው። በሁለቱም ክልሎች ቦርዱ የተነካው «አይሆንም» ወይም «ቆይ» ባለ ማግሥት መሆኑን ልብ እንድትሉልን እንፈልጋለን።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህ ነው።

25 ሰዎች ስብሰባ የጠየቁበት ማንኛውም የአየርና የውሃ ፈቃድ ለውሳኔ ወደየቦርዱ ይመለስ። ክርክር ያልተነሣበት ፈቃድ እንዳለ በመምሪያው ይቀጥል። ቦርዱ የአስተያየት ጊዜው ካለቀበት ቀን ጀምሮ በ90 ቀን ውስጥ እንዲወስን ይገደድ፤ እያንዳንዱ አባልም በአራቱ የሕግ መመዘኛዎች ላይ ምክንያቱን በመዝገብ ያስቀምጥ።

አንድ ጉዳይ ለቦርዱ ከቀረበበት ቀን እስከ ድምፅ ድረስ፣ የሥራ ዘመኑ ቢያልቅም፣ ጉዳዩን የሰማ አባል አይቀየር። ከሰባቱ አንዱ የሕዝብ ጤና ወይም የመተንፈሻ አካል ሕክምና ባለሙያ፣ አንዱ ደግሞ ፈቃድ ካለው የልቀት ምንጭ አጠገብ የሚኖር ሰው ይሁን።

ፈቃድ በተጠየቀበት ቦታ ዙሪያ ከሚኖረው ሕዝብ 5 በመቶው ወይም 1,000 ሰው፣ ከሁለቱ ያነሰው፣ አንድ ቋንቋ የሚናገር ከሆነ ማስታወቂያው በዚያ ቋንቋም ይውጣ። ይህ የፌዴራል መመሪያዎች ለዓመታት የተጠቀሙበት ልክ ነው። ማስታወቂያው የሚከተሉትን በግልጽ ይያዝ፦ ምን ሊሠራ እንደሆነ፣ የት፣ ስንት ሞተር፣ አስተያየት እስከ መቼ እንደሚቀበሉ፣ አስተያየት ያልሰጠ ሰው በኋላ መክሰስ እንደማይችል። የአስተያየቱ ጊዜ ከ30 ወደ 45 ቀን ይራዘም። በአማርኛ የተጻፈ አስተያየት ተተርጉሞ በመዝገብ ይግባ። መስሚያ ስብሰባው ፈቃዱ በሚነካው ሠፈር አካባቢ፣ ከሥራ ሰዓት ውጪ፣ በአስተርጓሚ ይደረግ።

የጀነሬተር ፈቃድ ሲጠየቅ በአንድ ማይል ውስጥ ያሉት ጀነሬተሮች ሁሉ፣ ባለቤታቸው ማንም ይሁን፣ በአንድ የአየር ስሌት ውስጥ ገብተው በአንድ ሰዓት መለኪያ ይታዩ። የፍተሻ ቀን፣ ሰዓት፣ የተነሡ ሞተሮች ብዛትና የተቃጠለው ነዳጅ በየሦስት ወሩ ለሕዝብ ይውጣ።

ሕጉ እስኪሻሻል ድረስ ደግሞ አሁን ባለው ሥልጣን የሚቻል አንድ ነገር አለ። የቦርድ አባላት በአከራካሪ ፈቃድ ላይ የሚሰጡት ሐሳብ በጽሑፍ ይሁን፤ መምሪያውም ላልተቀበለው እያንዳንዱ ነጥብ ከፊርማው በፊት በጽሑፍ መልስ ይስጥ። ለዚህ አዲስ ሕግ አያስፈልግም።

ይህን ደብዳቤ ለምታነቡ ወገኖቻችን፦ አስተያየት ስትልኩ ሙሉ ስማችሁን፣ አድራሻችሁን፣ የፈቃዱን ቁጥር፣ ፈቃዱ እንዴት እንደሚነካችሁና ምን እንዲለወጥ እንደምትፈልጉ ጻፉ። ስብሰባ እንዲደረግ የምትፈልጉ ከሆነ ይህንኑ በግልጽ ጠይቁ፤ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ይላክ፣ የላካችሁበትን ቀን የሚያሳይ ቅጂም አስቀምጡ።

የተከበራችሁ የምክር ቤት አባላት፣ የጽሑፍ መልሳችሁን የሚቀጥለው የሕግ አውጪ ጉባኤ ከመከፈቱ በፊት እንጠብቃለን። በኮሚቴ ፊት ቀርበን ስሌቶቻችንን ለማስረዳትም ዝግጁ ነን።

ከአክብሮት ጋር፣

በሰሜን ቨርጂኒያ የሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪ የአካባቢ መሐንዲሶች፣ የናፍጣ ሞተር መካኒኮች፣ የመተንፈሻ አካል ሕክምና ባለሙያዎች፣ የተከራይ ማኅበራት ተጠሪዎችና ወላጆች